ግራዝማች ኢምፑኒስ

በአማርኛችን ለቅጣት የቃል ችግር የለም። ሰው ይገረፋል፣ ይታሰራል፣ ይጋዛል፣ ይወረሳል። ለተቀጣ ሰው ያለን ቃል ቤት ይሞላል። አጥፍቶ ሳይቀጣ ለቀረ ሰው ግን፣ እስቲ ልብ ብላችሁ ፈልጉ፣ አንዲት ቅጽል እንኳ የለችንም። «አጥፍቶ ሳይቀጣ የቀረ» እያልን በሦስት ቃል እንጎተታለን። ምክንያቱን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰው ስም የሚያወጣው ከሌላው ለሚለይ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው የክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲታይ፣ ምኑን ከምን ለይተን ስም እናውጣለት?

ላቲኖች አውጥተውለታል። «ኢምፑኒስ» ይሉታል። እኔ ላቲን የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ይህችን አንዲት ቃል ያወቅኋት በንጉሡ ዘመን ሐረር ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ነው፤ ያስተማረችኝም አንዲት ጥፊ ናት።

ጥፊዋን የቀመሱት አው ዩሱፍ ናቸው። «አው» ሐረሮች ለአባትና ለትልቅ ሰው የሚሉት የአክብሮት ስም ነው። አው ዩሱፍ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ። ቁርአን ይደጉሳሉ፣ የእኛንም የፍርድ ቤት መዛግብት ይደጉሳሉ፤ በቆዳ ላይ በወርቅ ቀለም ፊደል የሚያትም ሰው በከተማው ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። አንድ ረፋድ ላይ የደጎሷቸውን መዛግብት እስከ አገጫቸው ቆልለው የገበያውን አደባባይ፣ ፈረስ መጋላን፣ ሲያቋርጡ፣ ከኋላቸው የአንድ ግራዝማች መኪና ጥሩንባውን ነፋ። የግራዝማቹን ስም ተዉት፤ ልጆቻቸው ደጋግ ሰዎች ናቸው። አው ዩሱፍ ወደ ቀኝ ልሂድ ወደ ግራ ሲሉ፣ ግራዝማች ከመኪናቸው ወርደው በጥፊ አጮሏቸው። መዛግብቱ ተበተኑ። ቆባቸው አቧራ ላይ ወደቀ። የስድሳ ዓመቱ ሽማግሌ ተንበርክከው ቆባቸውን ሲያነሡ ያ ሁሉ ገበያ ጸጥ አለ።

እኔ መዛግብቱን ልቀበል ወጥቼ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። አይቻለሁ።

አው ዩሱፍ ከሰሱ። ቤተሰቦቻቸው «ይተዉት፣ ሰውየው ትልቅ ነው» ቢሏቸው፣ «ቆቤን አራግፌዋለሁ፤ ፊቴን ግን በምን ላራግፈው?» አሉ። ሰባት ምስክርም ቆጠሩ። አንደኛው በዚያች ቅጽበት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር። ሁለተኛው ጫት ሲመርጥ ፊቱን አዙሮ ነበር። ሦስተኛው ዐይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶበት ነበር። አራተኛው ግን ከሁሉም በለጠ። «ግራዝማች ሲመቱ አላየሁም፤ የአው ዩሱፍ ጉንጭ ወደ ግራዝማች እጅ ሲሄድ ግን አይቻለሁ» ብሎ ማለ። የቀሩት ሦስቱ በዚህ ተስማሙ። እኔም ሁሉንም በቁም ጽሕፈት አሳምሬ ጻፍኩ። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይመሰክርም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም ቶሎ አመነኝ።

ዳኛው ከውጭ አገር ሕግ ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። ግራዝማችን በማስረጃ እጦት በነፃ አሰናበታቸው። ከዚያ ትክ ብሎ አያቸውና መዝገቡን ዘግቶ «ኢምፑኒስ!» አለ። ብድግ ብሎም ወጣ።

ግራዝማች ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

«ምንድን ነው ያለኝ?»

«የላቲን ቃል ነው፣ ጌታዬ።»

«ማዕረግ ነው?»

ትርጉሙን ገና አላወቅሁም፤ ግን ፈራሁ። «እንዲሁ ለማንም ሰው አይባልም» አልኳቸው። ደረታቸው ተነፋ።

ኋላ ዳኛውን ብጠይቀው፣ «አጥፍቶ ሳይቀጣ የቀረ ማለት ነው፤ ለሰውየውም ለጥፋቱም ይነገራል» አለኝ። ሄጄ ለግራዝማች ልንገራቸው? እናንተ ብትሆኑ ትነግሯቸው ነበር? እንግዲያውስ በእኔ አትፍረዱብኝ።

በወሩ ግራዝማች ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። እንግዶች የሚፈርሙበት፣ ሽፋኑ ቀይ ቆዳ የሆነ መዝገብ አማራቸው፤ በላዩም በወርቅ ስማቸው እንዲታተም፣ ከስማቸው ቀጥሎ «ኢምፑኒስ» ተብሎ። ይህን የሚሠራው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ራሳቸው መሄድ ስላፈሩ እኔን ላኩኝ። አው ዩሱፍ ወረቀቱን አነበቡና፣ «ይህ የመጨረሻው ቃል ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ለእሳቸው ነገርኳቸው። ወረቀቱን እንደገና አነበቡት። ከዚያ ካላቸው ፊደል ሁሉ ትልቁን አወጡ።

በሠርጉ ቀን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት የውጭ አገር የካቶሊክ ቄስ ተጋብዘው ነበር። ሐረር ብዙ ስለኖሩ አማርኛ እንደኛ ያነብባሉ። ለመፈረም መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ሲያዩ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። የግራዝማችን እጅ ጨብጠው በሰው ሁሉ ፊት፣ «እንዲህ ያለ ትሕትና በዕድሜዬ አላየሁም! አጥፍቼ ሳልቀጣ ቀረሁ ብሎ በወርቅ የሚያስጽፍ ሰው!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ግራዝማች በፈረስ መጋላ ማለፍ አልቻሉም። ከሶፊ መንደር ጫት የሚያመጡት ሴቶች ሳይቀሩ መኪናቸውን ሲያዩ፣ «ኢምፑኒስ መጡ፣ ጉንጫችሁን ያዙ!» ይባባላሉ። ሙሽራይቱ እንኳ ለመልስ በመጣች ጊዜ አባቷን ቀና ብላ አላየችም። ይህኛው ነው አንጀታቸውን የቆረጠው።

አንድ ጠዋት ችሎት ገቡና፣ «መትቻለሁ፤ ቅጡኝ!» አሉ። ሰባቱ ምስክሮችም ዐይናቸው በርቶ ተከትለዋቸው መጥተዋል፤ ጉንጩ ሲሄድ ያየው ሰውዬም ጭምር። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። «ተፈርዷል። አንድ ሰው በአንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይከሰስም።» በሐረር ፍርድ ቤት ስላልተቀጣ እያለቀሰ የወጣ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀራቸው ሽማግሌ መላክ ነበር። አው ዩሱፍ የጠየቁት ሌላ ካሳ አልነበረም፤ ይቅርታው እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት እንዲሆን ብቻ ፈለጉ። ግራዝማች ረፋድ ላይ ፈረስ መጋላ መሐል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በድዬዎታለሁ» ብለው ወደ አው ዩሱፍ ጉልበት ጎንበስ አሉ። አው ዩሱፍ የግራዝማች ጉልበት አቧራውን ሳይነካ ትከሻቸውን ደግፈው አነሷቸው። «አውፍ ብያለሁ። አላህም ይቅር ይበልዎት» አሉ። በዚህኛው ቀን ጫማውን የሚያስር ሰው አልነበረም።

ሕዝቡ ሲበተን ለአው ዩሱፍ «እንኳን ደስ አለዎት» ልል ቀረብኩ። እጄን ይዘው አለቀቁኝም።

«ያን ቀን ሱቁ ደጃፍ ቆመህ ነበር» አሉኝ።

«አው ዩሱፍ፣ እኔ እኮ ጸሐፊ...»

«አውቃለሁ። የችሎቱን መዝገብ የደጎስኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈትህ ያምራል።» እጄን ለቀቅ አድርገው፣ «አንተንም አውፍ ብያለሁ፣ ልጄ» አሉና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ግራዝማች እንኳ ይቅርታ ያገኙት ጠይቀው ነው።