ሊውል አጎቱን ሲያረጋጋ

ሀብተሥላሴ፦ ይሄ መሬት አይደለም ስልህ!

ሊውል፦ ጋሼ፣ መሬት ነው! ታዲያ ምን ላይ ነው የቆምነው?

ሀብተሥላሴ፦ ፕላስቲክ ላይ። ይሄን ሳር እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ በመኪናዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደረሰኙም አለኝ።

[ላስ ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር፣ የወርቅዬ ቤት ጓሮ፤ ሜይ 2021። ወንድሟ ሀብተሥላሴ ካዚኖ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ካርድ ሲያድል ኖሮ፣ ኮሮና ቤት ካስቀመጠው አሥራ አራት ወሩ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቃዬ ይደውላል፣ ወይ ይመልሰኛል ወይ ያሰናብተኛል ብሏል፤ እጁ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ሊውል የወርቅዬ ልጅ ነው፤ እዚሁ የተወለደ። ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ ከክፍሉ ብቅ አይልም እንጂ፣ ስለ ጭንቀት ስልኩ ላይ ያላነበበው የለም። አጎቱን ላድን ብሎ በፒጃማው ወጥቷል፤ ፀሐይዋ ዓይኑን ትወጋዋለች። እናቱ ሥራ ላይ ናት። ሰዓቱ ስምንት ተኩል።]

ሊውል፦ ባዶ እግር መሬት ሲነካ ጭንቀት በእግር በኩል ይወጣል። ሳይንስ ነው፣ ጋሼ።

ሀብተሥላሴ፦ እሺ ይውጣ። ፕላስቲኩ ላይ ሲደርስስ ወዴት ይሄዳል? ነጥሮ ተመልሶ ይገባብኛላ!

ሊውል፦ እሺ፣ ከሳሩ ዳር ጠጠሩ ላይ ይቁሙ።

ሀብተሥላሴ፦ በዚህ ፀሐይ? ጠጠሩ ላይ እንቁላል ይጠበሳል እኮ። ልታረጋጋኝ ነው ልትጠብሰኝ?

[ሊውል ዙሪያውን ቃኘ። በዚያ ሁሉ ጓሮ እውነተኛ አፈር ያለው እናቱ ቃሪያ የተከለችበት ትልቅ ባልዲ ውስጥ ብቻ ነው።]

ሊውል፦ አገኘሁ! እግርዎን እዚህ ይክተቱ።

ሀብተሥላሴ፦ ቃሪያው ውስጥ?

ሊውል፦ ከቃሪያው ጎን!

ሀብተሥላሴ፦ አልገባኝም። እስቲ አሳየኝ።

[«ምስኪን፣ ጭንቀቱ ጭንቅላቱን ይዞታል» አለ ሊውል በሆዱ። ነጠላ ጫማውን አውልቆ ቀኝ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አፈሩ ውስጥ ቀበረ።]

ሀብተሥላሴ፦ እንዴት ነው?

ሊውል፦ [ሳያስበው] ቀዝቀዝ ያለ ነው… ደስ ይላል። በሉ፣ ተራው የእርስዎ ነው።

ሀብተሥላሴ፦ ባልዲው ሁለታችንን አይችልም። አንተ እዚያው ሁንና ሌላ ንገረኝ።

ሊውል፦ አተነፋፈስ። በአፍንጫዎ ይሳቡ፣ አራት ይቁጠሩ፣ ከዚያ በአፍዎ ቀስ ብለው ያውጡ።

ሀብተሥላሴ፦ እፍ! እፍ! እፍ!

ሊውል፦ ጋሼ፣ ይሄ ከሰል ማያያዝ ነው!

ሀብተሥላሴ፦ አሳየኛ፣ እንግዲህ!

[ሊውል አሳየ። አጎትየው አልገባውም። ደግሞ አሳየ። በስድስተኛው ላይ፣ ወራት ሙሉ ጆሮው ሥር ተሰቅሎ የከረመው የሊውል ትከሻ ወርዶ ቦታው ገባ።]

ሀብተሥላሴ፦ አሁን ትንሽ ትንሽ ገባኝ። ቀጥል።

ሊውል፦ የሚያዩትን አምስት ነገር ይቁጠሩልኝ።

ሀብተሥላሴ፦ ግድግዳ። ግድግዳ። ግድግዳ።

ሊውል፦ ጋሼ!

ሀብተሥላሴ፦ ምን ላድርግ፣ በሦስት በኩል ግድግዳ ነው! አራተኛ አንተ። አምስተኛ ፂምህ።

ሊውል፦ ፂሜ ከእኔ ጋር ነው የሚቆጠረው።

ሀብተሥላሴ፦ ኧረ ለብቻው ነው! ከገና ወዲህ ራሱን ችሎ ወጥቷል።

[ሊውል ሳቀ። የገዛ ሳቁ አስደነገጠው፤ ከሰማው ቆይቷል።]

ሊውል፦ አይቀልዱ። አሁን ደግሞ የሆነ ነገር ቀምሰው ጣዕሙን ይንገሩኝ።

[ሀብተሥላሴ ወደ ቤቱ ዞረ። ጧ! አድርጎ አንዴ አጨበጨበና ሁለት መዳፉን ወደ ሰማይ ገልብጦ አሳየ። ከዚያ ገብቶ ፍርፍር በሳህን ይዞ መጣ።]

ሊውል፦ ቅድም ያጨበጨቡት ለማን ነው?

ሀብተሥላሴ፦ ልማድ ነው። ከቁማር ጠረጴዛ ስነሳ ለጣሪያው ካሜራ እንዲህ አሳያለሁ፤ ምንም ይዤ አልወጣሁም ማለት ነው። ሰው ፊቴ ቆሞ ቤቱን በቁማር ሲበላ ሳይ እውላለሁ፤ ሺፍቴ ሲያልቅ አጨብጭቤ፣ መዳፌን አሳይቼ እወጣለሁ። የእሱን መከራ ይዤ ቤቴ አልገባም።

ሊውል፦ ይሄማ የስትረስ ምልክት ነው! ስልኬ ላይ ያለው አፕ ይላል።

ሀብተሥላሴ፦ ይሆናላ። የተማርከው አንተ። በል ቅመስና ምን ምን እንደሚል ንገረኝ፤ የእኔ ምላስ ደንዝዟል።

[ሊውል አንድ ጉርሻ ቀመሰ። ለማረጋገጥ ሁለተኛ። አጎቱ ከባልዲው ቃሪያ ቀጥፎ አቀበለው። ሳህኑ ተጠረገ። ይሄኔ የሀብተሥላሴ ስልክ ጮኸ።]

ሊውል፦ ዘጠኝ ሰዓት! አለቃዎ ነው! ይተንፍሱ! አይንኩት፣ በዚህ እጅዎ ይጥሉታል! ስፒከር ላይ አደርግልዎታለሁ። አራት ይቁጠሩ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

የስልኩ ድምፅ፦ ወንድም ጋሼ! ለእረፍት አሁን መውጣቴ ነው። ልጄ ከክፍሉ ወጣልህ?

[የወርቅዬ ድምፅ ነው። ሊውል አራትን ሳይጠራ አፉን እንደከፈተ ቀረ።]

ሀብተሥላሴ፦ ወጥቷል። ስቋል። የቀረውንም ፍርፍር ጨርሶታል።

የስልኩ ድምፅ፦ ተመስገን! አሁን የት ነው?

ሀብተሥላሴ፦ ባልዲሽ ውስጥ።

የስልኩ ድምፅ፦ ቃሪያዬ ውስጥ?!

ሀብተሥላሴ፦ ከቃሪያው ጎን።

[ስልኩ ተዘጋ።]

ሊውል፦ አለቃዎስ?

ሀብተሥላሴ፦ ትናንት ደወለ። ሰኞ እገባለሁ።

ሊውል፦ እጅዎስ?

[ሀብተሥላሴ ከኪሱ አንድ እሽግ ካርድ አውጥቶ ከቀኝ ወደ ግራ እጁ እንደ ውኃ አፈሰሰው። አንዲትም ካርድ አልወደቀችም።]

ሀብተሥላሴ፦ ከጠዋት ጀምሮ ሳንቀጠቅጠው ክንዴ ዝሎ ሊሞት ነው። እናትህ በር ስታንኳኳ አልከፍት አልክ፤ የሚያስተምሩት ደንቆሮ አለ ሲሉህ ግን በፒጃማህ ሮጥክ!

ሊውል፦ ስለዚህ የነገርኩዎት ሁሉ ከንቱ ነው?

ሀብተሥላሴ፦ ማን አለ? ይሠራል እንጂ! አንተ ላይ ሲሠራ በዓይኔ አየሁት።

[ሊውል ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ይሄኛው ለማሳየት አልነበረም። እግሩን ከባልዲው መዘዘ፣ አንዴ አጨበጨበ፣ መዳፎቹንም ወደ ሰማይ ገልብጦ አሳየ።]

ሀብተሥላሴ፦ ጎሽ! አሁን እግርህን ታጠብና እናትህ ሳትመጣ ቃሪያውን አረጋጋው፤ ዛሬ እዚህ ቤት የተጨነቀው እሱ ብቻ ነው።