ከዕቅድ በላይ የሮጠው ኮምፒዩተር

በደርግ ዘመን ዕቅዱን መቶ በመቶ የፈጸመ ሰው እንደ ሰነፍ ይታይ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጎበዝ ማለት ከዕቅድ በላይ የሄደ ነው። ይኸው ግዴታ ከሰው አልፎ ነቀምት ለነበረው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ደረሰው። በሥራ ውድድሩ መዝገብ ላይ እንደ ማንኛችንም ስሙ ሰፍሮ ነበር።

እኔ ደግሞ ቁልፎቹን የምመታለት፣ የእሱ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴና ልጄ አምቦ፣ እኔ ነቀምት፤ እንዲህ ስንኖር አምስት ዓመት። በዚያ ሳምንት የዝውውር ጠያቂዎች ስም ዝርዝር በማሽኑ ታትሞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ የእኔም ስም አለበት። ከማንም በላይ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ፤ አልዋሽም።

ስለዚህ አለቃችን ጓድ መገርሳ ማሽኑም ከዕቅድ በላይ ይፍጠን ሲሉ፣ ጨለለቂ ሰፈር ሬዲዮ የሚጠግነውን ሸምሱን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሸምሱ የማሽኑን ፍጥነት የምትወስነውን ክሪስታል ነቅሎ፣ ከተበላሸ የመገናኛ ሬዲዮ ያወጣትን ፈጣን ተከለበት። ከዚያ፣ “ኦቦ፣ ልቡን አፍጥኜልሃለሁ፤ ሜሞሪው ይከተለው እንደሆነ ግን አልምልልህም” አለኝ።

ማን ሰማው! ማሽኑ ጋለበ። ጓድ መገርሳ ወረቀቱን ከማተሚያው መንጭቀው፣ ሳያነቡ ፈርመውና ማኅተም አሳርፈው ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ላኩት። “ጀባዱ! በርታ!” ብለው ትከሻዬን መቱኝ።

ስክሪኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሜሞሪው አልተከተለም። ግማሹ ሰው የሌላ ሰው አባት ስም ይዟል። በእኔ ስም ቦታስ ምን ነበረ? አንዲት የምትስቅ ትንሽ ፊት!

አውቶቡሱን በጭነት መኪና ሲሬ ከተማ ድረስ አሳደድኩ። አውቶቡሱ ሲሬን አልፏል። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የልጅ አባት ነኝ፣ ግን አለቀስኩ።

ተመልሼ እርማት እንላክ ብዬ ጓድ መገርሳን ለመንኳቸው። እርማት መላክ ዕቅዱ አልተፈጸመም ብሎ ማመን ነው፣ መፈጸሙ ደግሞ ሪፖርት ተደርጓል አሉኝ።

በወሩ መጨረሻ ኮምፒዩተሩ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ተመረጠ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ብዙም ሳይቆይ፣ ልምዱን ለሌሎች ያካፍል ዘንድ፣ የዝውውር ደብዳቤ መጣለት። ወደ አምቦ። ተሸክሜ መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ።