«ጥሩ ነው» ያስባልኩት ደሞዜ ቡታጅራ ላይ ተጋለጠ

ወገን፣ ዛሬ የገባሁበትን ጉድ ብነግራችሁ መጀመሪያ ትስቃላችሁ። ከዚያ የራሳችሁ ደሞዝ ትዝ ይላችሁና ዝም ትላላችሁ።

እኔ ወልቂጤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ዲግሪ አለኝ፣ የስምንት ዓመት ሰርቪስ አለኝ፣ ሁለት ደህና ሸሚዝ አለኝ።

ባለፈው ወር ምህረትን ለማግባት ቡታጅራ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ጋሽ በርጋ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ነጋዴ ናቸው። «ደሞዙስ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቼም እንዳስጠናኋቸው «ጥሩ ነው» አሉ።

ቁጥር አልተጠራም! ቁጥር መጥራት ጉራ ይመስላል ብዬ እኮ ነው።

(እሺ፣ ውሸቴን ነው። አፍሬ ነው።)

ደግሞስ ጥሩ አይደለም እንዴ? አሥራ ሁለት ሺህ ብር! አራት ሺው ለቤት ኪራይ፣ ሁለት ሺው ለእናቴ፣ የቀረው ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለሳሙና፣ ለባጃጅ። ወሩ ሃያ ሲሞላ ቆጮ በጎመን ነው። ቆጮ ራሱ ተወዷል እኮ! ግን መምህራን ክፍል ውስጥ ከእኔ በታች የሚከፈላቸው ስላሉ እዚያ ሀብታም ነኝ።

ጋሽ በርጋ ለዛሬ እሁድ «ከቸርች መልስ ምሳ ና» ብለውኝ ነበር። ሸሚዜን ተኩሼ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ምሳ ብቻ መስሎኝ!

ሳሎኑ በነጋዴ ጢም ብሏል። ለካ የእቁብ ቀን ነው፣ ዳኛውም እሳቸው ናቸው። ትከሻዬን ይዘው «ይሄ አማቼ ነው፣ ጥሩ ደሞዝ አለው። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ልጆቼ አንድ እጣ ይገባል» አሉ። ተጨበጨበ። ጸሐፊው ስሜን ከነአያቴ ጻፈ።

እውነት ለመናገር ሆዴ ባባ። ነጋዴ አማቹን ከእቁቡ ካስገባ ልጄ ብሎታል ማለት ነው። ይሄን እያሰብኩ ሳለ ጸሐፊው ቀና ብሎ «አሥር ሺህ» አለኝ።

«በወር?»

«በሳምንት ነዋ!»

ሞባይሌ ላይ ያለው ሺህ ሦስት መቶ ብር ነው። ኔትወርክ የለም ልበል? አስቤው ነበር! ግን ሳምንትም እሁድ አለ፣ ከዚያ በኋላም እሁድ አለ።

«ጋሼ፣ ደሞዜ አሥራ ሁለት ሺህ ነው» አልኩ።

የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሸሪፍ ፊታቸው በራ። «ማሻአላህ! ታዲያ በየሳምንቱ ሁለት ሺህ ይተርፈዋል።»

«በወር ነው፣ ሐጂ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሐጂ በጣም አዘኑ። «ወላሂ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አሉኝ።

ጋሽ በርጋ ወደ በረንዳ አወጡኝ፣ ምህረትም ተከተለችን። «ልጄ፣ ጥሩ ነው ያስባልከው ምኑን ነው? ልጄን ምን ልታበላት ነው?» አሉ። ቢቆጡ እችለው ነበር፣ እሳቸው ግን ያዘኑልኝ ይመስላሉ። ሠርጉ ሲቀር በዓይኔ ታየኝ።

ይሄኔ ምህረት፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ «አባዬ፣ የእኔም እኮ አሥር ሺህ ነው» አለች።

«የወር?»

«የወር። ደህና ነው ስልህ የኖርኩት እሱን ነው።»

ጋሽ በርጋ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት ዲግሪ ተደምሮ የሁለት ሳምንት እቁብ!

ተነስተው ፈረዱ። ሠርጉ አይቀርም፣ እቁቡ ይቀራል። «ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን እየመጣህ ሲሚንቶ አስጭንልኝ፣ እከፍልሃለሁ» አሉኝ። ስንት እንደሆነ ነገሩኝ። የአራቱ ቅዳሜ ሲደመር ከወር ደሞዜ ግማሽ ይበልጣል! እሺ አልኩ። በደስታ ነው ያልኩት፣ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

አሁን ቤቴ ገብቼ የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ከሁሉም የበለጠው ልጅ ዘጠና ስምንት አምጥቷል። ወረቀቱ ጥግ ላይ «ቲቸር፣ እኔም እንደ እርስዎ መሆን ነው የምፈልገው» ብሎ ጽፏል።

ምን ብዬ ልመልስለት? አባቱ ሱቅ እንዳላቸው ልጠይቀው?