እልል የተባለለት ሆዴ

ወገኖቼ፣ ጎረቤት ሁሉ እልል ያለለት እርግዝናዬ ሐኪም ቤት ሲደርስ ምን ሆኖ እንደተገኘ ልንገራችሁ?

ሳትስቁ ጨርሱልኝ። (እንደማትችሉ አውቃለሁ!)

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር ከተማ የተዳርኩ ሙሽራ። ያደግሁት በገብስ ቂጣና በባቄላ፣ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ነው። የሆድ ድርቀት የሚባለውን ነገር በስሙም አላውቀው!

እዚያው ጎንደር አራዳ ሰፈር ያሉት የባሌ ቤተሰቦች ሸጋ ሰዎች ናቸው። አከበሩኝ።

ክብሩ ነው ጉድ ያደረገኝ!

ጠዋት ቅቤ የጠገበ ፍትፍት። ቀን ሥጋ ወጥ። ማታ ዶሮ። ጎመን ልቅመስ ብል አማቴ እማማ ዘውዴ ደነገጡ። "ምነው ልጄ! ሙሽራዋን ጎመን አበሏት ልታስብዪን ነው?"

ውሃ ልቅዳ ብዬ ብነሣ፣ "ቁጭ በይ!"

ቁጭ አልኩ።

ደጅ ልውጣ ብልስ? ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው። በሩ ፊት ለፊት ደግሞ የባሌ አባት አያ ፈንቴ ተቀምጠው ይውላሉ። ገና ብቅ ስል፣ "እንደምን አደርሽ ልጄ? ወዴት ነው?"

ምን ልበላቸው?!

"ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው" እልና እመለሳለሁ። ያዝኩት። በማግስቱም ያዝኩት። እየቆየ ሲሄድ ስሜቱ ራሱ ጠፋ።

እሱ ጠፋ፣ ሆዴ ተነፋ!

አንድ ቀን ቁርጠቱ ሲጠናብኝ፣ "እማማ፣ ሆዴ…" አልኩ።

አላስጨረሱኝም። እልልልል!

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዷ ወንድ ነው አለች፣ ሌላዋ ሴት። ስም ያወጡለትም ነበሩ! እኔ ነጠላዬን ተከናነብኩ። እንዴት ብዬ ላስተባብል? ምን ብዬ?

ቁርጠቱ ሲብስና ፊቴ ሲገረጣ እማማ ዘውዴ ፈሩ። "ልጁ ሊያመልጠን ነው!" ብለው ከነጎረቤቶቻቸው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ነርሷ ሆዴን ጫን ጫን አደረገችና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠየቀች፤ "ደጅ ከወጣች ስንት ቀን ሆናት?"

እማማ ዘውዴ ደረታቸውን ነፉ። "ኧረ እኛ ቤት ሙሽራ ደጅ አትወጣም! ከገባች ጀምሮ አንድም ቀን አልወጣች!"

ወረፋ የያዘው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ።

"እማማ፣ ልጅ የለም" አለች ነርሷ። "ድርቀት ነው።"

ከመጋረጃው ጀርባ የተደረገልኝን ለባሌም አልነገርኩ፣ ለፌስቡክማ አልናገርም!

ስንወጣ ነርሷ መከረችን። "ውሃ ትጠጣ። ጎመንና ባቄላ ትብላ፣ ቂጣዋም ካልተነፋ ዱቄት ይሁን። ትንቀሳቀስ። ሲመጣባት ደግሞ አትያዘው።" (ዛሬ የልጅ ልጆቼ "ፋይበር" እያሉ የሚያስተምሩኝ ይህንኑ ነው!)

"ኮሶ ባጠጣትስ?" አሉ እማማ ዘውዴ።

"ኧረ ይተዉት! ሆድ በየጊዜው በመድኃኒት እየተነዳ አይኖርም።"

መንገዱን ሁሉ አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ከፊት ከፊት ሄዱ። በቃ፣ አዋረድኳቸው፣ ለአባቴ ሊመልሱኝ ነው ብዬ እንባዬን እያበስኩ ገባሁ።

በማግስቱ ለምሳ ጎመን ቀረበልኝ። ገና አንዴ እንደጎረስኩ አያ ፈንቴ ግራ ቀኝ ዐይተው ጠጋ አሉኝ።

"ልጄ… እስቲ ከዚያ ከጎመኑ ለእኔም። እኔስ እዚያ በር ላይ የምውል ፀሐይ ልሞቅ መስሎሻል?"

ለካ እሳቸውም!

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እኔና አያ ፈንቴ እስከ ነገሥታቱ ግንብ ደርሰን እንመለስ ጀመር። ሰው "ምራታቸውን እንዴት ቢወዷት ነው!" ይላል። ስንመለስ በሩጫ መሆኑን ማን ልብ ይበል?

አማቴም የኋላ ኋላ ሳቁልኝ። ጎመኑንም ራሳቸው ይቀነጥሱልኝ ነበር።

እንግዲህ እንደ እኔ ለይሉኝታ ብላችሁ ሆዳችሁን አታስነፉ። እናንተ ግን እውነቱን ንገሩኝ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ፣ እዚያው መቀመጫው ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡት ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ተነሡ እንጂ! ሰው በር ላይ ቆሟል!