ለዓሣ የታጨደ ሣር

የዓሣ አጥማጅ ሚስት ጭንቀት እረፍት አያውቅም። ዓሣ ሲጠፋ ምን እንበላለን ትላለች፤ ሲበዛ ጀልባው ይሰምጣል ትላለች። እኔ በትምህርት ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም በጭንቀት ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ።

ዘንድሮ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስለጠፋ የልጄ አባት አዞ እስከሚተኛበት ድረስ እየቀዘፈ መሄድ ጀመረ። ዓሣው የት ገባ? ዝናብ ሲመጣ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ወደ ኩልፎ ወንዝ ይወጣል፤ የሙዝ ገበሬዎች ደግሞ ወንዙን በድንጋይና በአሸዋ ጆንያ ገድበውታል። ሆዱ ሞልቶ መጥቶ በር ተዘግቶበት ይቀራል። ምጥ ይዞኝ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ሽቅብ ወደ ሴቻ የሚወስደኝ መኪና ያጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ለዓሣ አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል?

ከገዳቢዎቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ አባቴ! እኛ ጋሞዎች ዘንድ ደግሞ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ልጄን አዝዬ፣ ሣሬን አጭጄ፣ እንደ አገር ሽማግሌ ኮስተር ብዬ ሄድኩና ግድቡ ላይ ተንበረከኩ። አባዬ ተቆጣ። አንቺ ልጅ፣ ሣር የሽማግሌ እንጂ መቼ የሴት መጫወቻ ሆነ፣ ለዓሣስ ማን ይለመናል ብሎ ጮኸ። ሣሩን ግን አይቶታል፤ ካየ ደግሞ አለቀለት። እያጉረመረመ አንድ ክንድ የምታህል በር ከፈተልኝ።

እቤት ገብቼ ለባሌ በደስታ ነገርኩት። የቱ ግድብ? በየት በኩል? በሩ ምን ያህል ይሰፋል? እያለ ጠየቀኝ። ዛሬ ገና ሰው አዳመጠኝ ብዬ ክንዴን ዘርግቼ ሁሉ አሳየሁት።

በሦስተኛው ቀን ዓሣዎቼን ልጎበኝ ሄድኩ። በሩ ላይ መረብ ተዘርግቷል። የልጄ አባት እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያፏጫል። እንቁላል ያዘሉትን ሁሉ ሣሩ ላይ ደርድሯቸዋል፤ አንዲትም አላለፈች። እነዚህ ካለቁ ከርሞ ምን ልታጠምድ ነው ብዬ ጮህኩ። ሳቀብኝ። ከአዞ ራቅ እያልሽ ስትነዘንዢኝ አልነበር? ይኸው ራቅኩልሽ አለኝ። ከርሞ ዓሣ ሲጠፋ ባሌ የት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ፤ አዞውም ያውቃል።

አባዬ ከሙዙ መሃል ብቅ ብሎ፣ በይ እንግዲህ ለእሱም ተንበርከኪ አለኝ። ሌላ ምን መላ አለኝ? እርጥብ ሣር ነጭቼ፣ ልጄን እንዳዘልኩ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

ባሌም ጋሞ ነውና እምቢ አላለኝም። ሣሩን በሁለት እጁ በአክብሮት ተቀበለኝ። ከዚያ በአንዷ ዓሣ አፍ አስገብቶ በጉንጯ ክፍተት በኩል አወጣውና ቋጥሮ፣ ያዢ፣ ይቺ ለምሳ አለኝ።