ጋሼ ድሮና ያልተከፈተችው መርከብ

የሁሉን ነገር የድሮ ዋጋ በቃሉ የያዘ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኛው ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ክቡርነታቸው ጋሼ ድሮ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ብንሆንም ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ጫማም ግዛ፣ ጃንጥላም ግዛ፣ ገና ከእጅህ ሳታወርደው «ድሮ እኮ በዚህ ገንዘብ…» ይሉሃል። የገዛኸው ነገር እዚያው እጅህ ላይ ያስጠላሃል።

ትናንት ከሥራ ዝዬ ስመለስ፣ የሚገጣጠሙ ሞዴሎች ከሚሸጡበት ሱቅ በር ላይ ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ና ምስክር ሁነኝ!»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ነገሩን አውቀዋለሁ። ከውጭ የምትመጣ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ አለች፤ ተሠርታ ስታልቅ ከአንድ ክንድ የማትበልጥ፣ ስምንት መቶ ቁራጭ ሆና በካርቶን የታሸገች። ጋሼ ድሮ አንዷን በደጉ ዘመን ገዝተው ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለዋታል። አልከፈቷትም። «መተኪያ የሌለው ነገር አይከፈትም» ባይ ናቸው፤ ሁለተኛዋን ሳይገዙ የመጀመሪያዋን አይነኩም። ሁለተኛዋን ሊገዙ በሄዱ ቁጥር ደግሞ ዋጋዋ ጨምሮ ይጠብቃቸዋል። «ይወርዳል!» ብለው ይመለሳሉ። እንዲህ ሲሉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። እስካሁን የወረደ ነገር ቢኖር የዓይናቸው ብርሃን ነው። የዓይን ሐኪማቸውም «ዓይን የሚጠይቅ ጥቃቅን ሥራ ካለዎት ዘንድሮ ይጨርሱት» ብሏቸዋል።

ገባን። ባለሱቋ ስታየን በረጅሙ ተነፈሰች። ካርቶኑ ላይ ዋጋ በዋጋ ላይ ተለጥፎ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ወፍሯል። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንዱን ላጡ፣ ሁለተኛውን ላጡ፣ ሦስተኛውን ላጡና አራተኛው ላይ ደረሱ።

«ይኸውልህ! በራሷ እጅ ጽሑፍ!»

«ጋሼ፣ በዚያ ዋጋ የሚገዙ ከሆነ ዘመኑንም ይዘውልኝ ይምጡ።»

«በአባትሽ እኩያ ታሾፊያለሽ?»

«እርስዎ ሲልጡ እኔ ስለጥፍ አረጀን እኮ! ደግሞ የመጨረሻዋ ናት። አስመጪው ከእንግዲህ አላስመጣም ብሏል።»

«ይወርዳል!»

ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ አንዲት ወይዘሮ ገብታ ካርቶኑን አነሳች። «ለባለቤቴ ነው» አለችና የተባለችውን ከፍላ ታቀፈችው። ውድ ነው እንኳ አላለችም።

ጩኸቱን ለመቀበል ጆሮዬን አዘጋጀሁ። ጋሼ ድሮ ግን በሩን ከፈቱላት።

«ገመዶቹን መጨረሻ ላይ ይሥራቸው በይው፣ የኔ ልጅ። ሙጫው ሳይደርቅም እንዳይነካካ።»

ወደ ሰፈር ስንመለስ አንድም ዋጋ አላነሱም። ስንት ዓመት የሸሸሁት «ድሮ» አሁን ናፈቀኝ። ቢቸግረኝ እግሬን ዘርግቼ አዲሱን ጫማዬን አሳየኋቸውና የገዛሁበትን ዋጋ፣ ያውም ትንሽ ጨምሬበት፣ ነገርኳቸው።

«ያምራል» አሉ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

በራቸው ላይ ስንደርስ ቁልፉን በጣታቸው እየዳበሱ ቀዳዳውን ፈለጉ። ሳይዞሩ እንዲህ አሉኝ፦

«ነገ ከሥራ ስትወጣ ና። ስለታም ቢላ ያዝ፤ እንከፍታታለን። ዋጋዋን ግን እንዳትጠይቀኝ።»