ነጭ የለበሰች ሸረሪት

ሰው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነገር ካየ አንገቱን ያቀናል። ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንደወጣ አይጠይቅም፤ ከፍ ማለቱ ብቻ ይበቃዋል። መድረክ ላይ የቆመ ሹም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ፣ ጣሪያ ጥግ የተለጠፈች ሸረሪት፣ ለእኛ ልዩነት የለውም። ካርቱም የኖርን ሀበሾች ደግሞ በዚህ አመል ላይ ሌላ አመል ደርበንበታል። ምልክት እንወዳለን። ግራ ዓይናችን ከተርገበገበ ለቅሶ፣ መዳፋችንን ከበላን ገንዘብ፣ ጫማችን ጫማ ላይ ከወጣ መንገድ። የእኔ ጫማ በሰው ቤት ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ስንት ጊዜ ጫማ ላይ እንደወጣ አላህ ይወቀው፤ ከሪያድ ጀሪፍ፣ ከጀሪፍ ሪያድ ከመመላለስ ያለፈ መንገድ ግን አላየሁም።

ሪያድ ስላችሁ ደግሞ የሳዑዲዋ እንዳትመስላችሁ። የካርቱም ሰፈር ናት፤ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ሀብታሞች የሚኖሩባት፣ እኛ ደግሞ ወጥ ቤታቸውን የምንጠብቅባት። መጀመሪያ ደሴ ደውዬ «ሪያድ ነኝ» ስል እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ለመካ ቀረብሽ» ብላ አለቀሰች። አላረምኳትም። ምን በወጣኝ!

ማንስ ያርማል? ሱቅ ዐረቢ በሚባለው የካርቱም ገበያ ውስጥ፣ ከሚኒባሶቹ ግርግር ጀርባ፣ አንድ ፎቶ ቤት ነበረ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ባሕር የተሳለበት ትልቅ መጋረጃ ተወጥሯል፤ ባሕሩ ላይ ጀልባ አለች፤ የጀልባዋ ምሰሶ ላይ መጋረጃው ተቀድዶ ባለቤቱ በቡናማ ፕላስተር ለጥፎታል። አዲስ የመጣች ሀበሻ ሁሉ ዕረፍት ባገኘችበት የመጀመሪያ ዓርብ እዚያ ትሄዳለች፤ ይህ የማይሻር ልማድ ነው። የጓደኛዋን ዓባያ ተውሳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ባሕሩ ፊት ትቆምና ፎቶዋን ለእናቷ ትልካለች። ካርቱም ወንዝ እንጂ ባሕር የላትም። እናቶቻችን ግን አይጠይቁም፤ ልጆቻቸው ባሕር ዳር ቆመው ከታዩ ይበቃቸዋል። ይህቺን ያዙልኝና ወደ ሸረሪቷ ልውሰዳችሁ።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ገና ካርቱም ሳለች፣ ከጦርነቱ በፊት በነበረው የዝናብ ወቅት ነው። ሪያድ በየሰው ቤት የምንሠራና እዚያው የምናድር ሴቶች፣ ለዓርብ ዕረፍታችን ብለን ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዓባይ ዳር ብዙ የማይርቅ የጭቃ ክፍል በጋራ ተከራይተን ነበር። ሥራ የፈታችም ሌላ ቤት እስክታገኝ እዚያው ትሰነብታለች። መስኮቱ ላይ የውሃ ሙከይፍ ተተክሏል፤ ገለባ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ነፋስ የሚነፋ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። በሙቀቱ ጊዜ ጌታችን እርሱ ነው። በዝናቡ ጊዜ ግን ክፍሉን እርጥብ ፎጣ ያደርገዋል። ግድግዳው ያልበዋል፣ ፍራሹ ይሸታል።

አንድ ዓርብ ዘይነብ፣ ከሁላችንም ትንሿ፣ የሐይቅ ልጅ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ወደ ጣሪያው ስታይ ድንገት ተነስታ ቁጭ አለች። ከበሩ በላይ፣ ጥጉ ላይ፣ አንዲት ሸረሪት አለች። ግን ከእግር እስከ ራሷ በነጭ ተጠቅልላለች፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነጭ። እግሮቿን ግድግዳው ላይ አጥብቃ ተክላ ንቅንቅ አትልም።

«ሱብሓነላህ!» አለች ዘይነብ። «ኢሕራም ለብሳለች! ሐጅ ልትሄድ ነው!»

እንግዲህ እኛ ሸረሪት አንገድልም። ነቢዩ ሲሰደዱ በተሸሸጉበት ዋሻ አፍ ላይ ድሯን አድርታ ከጠላት የሸፈነቻቸው እርሷ ናት፤ ይህን እኛ ወሎዬዎች ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። ወርቅነሽ የምትባል የጎንደር ልጅም አለች፤ ከመካከላችን ክርስቲያን እርሷ ብቻ ናት። ቀና ብላ አየችና «መነኩሲት ናት» ብላ አማተበች። ስለ ሥጋ ድስት እንኳ ተስማምተን የማናውቅ ሴቶች በአንዲት ሸረሪት ተስማማን።

ስሟንም «ሐጃ» አሏት። መጥረጊያ በዚያ በኩል እንዳያልፍ ተከለከለ። ሐጃ እንዳይሞቃት ተብሎ ሙከይፉ ቀኑን ሙሉ ወደ እርሷ እንዲነፋ ተደረገ፤ እኛ ብርድ ልብስ እየተሻማን እንንቀጠቀጣለን፣ እርሷ ትቀዘቅዛለች። በሳምንቱ ከጎኗ ሌላ ነጭ የለበሰች ሸረሪት ተገኘች። ከዚያ ሌላ። «ጀመዓ ሆኑ!» ተባለ። እኔ ስለ ፍራሹ ሽታ ባነሳ ማን ይስማኝ?

ይህን ወሬ ሰምቶ ሐጅ ኑሩ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ። ሐጅ ኑሩ ደላላ ነው። ሱቅ ዐረቢ፣ ሻይ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ተቀምጦ ይውላል፤ ሥራው ሰውን ካለበት ነቅሎ በጭነት መኪና ወደ ሊቢያ መጫን ነው። ጀለቢያው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው፤ መቁጠሪያው፣ ሙስበሃው፣ ከጣቱ አይወርድም። ሐጅ የሚለውን ማዕረግ ማን እንደሰጠው አይታወቅም፤ እኔ በበኩሌ ራሱ ለራሱ እንደሰጠው አልጠራጠርም። ኢሕራም የሚባለው ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ የወንዶች መሆኑን፣ ሴት በራሷ ልብስ ሐጅ እንደምታደርግ፣ አንድ ቀን መካን የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ሐጅ ኑሩ ግን ሸረሪቷን ቀና ብሎ አየ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያም እንደ ትልቅ ዓሊም ጉሮሮውን ጠርጎ «አዎ፣ ኢሕራም ነው» አለ።

ቀጥሎም ምልክቱን ፈታልን። «ሸረሪት የስደተኛ ጠባቂ ናት። ከእርሷ ሥር ያደረች ሴት ባሕሩን በሰላም ትሻገራለች። ያላ፣ ልቧ የፈቀደ ትዘጋጅ፤ መኪናው በሚቀጥለው ዓርብ ይነሳል ኢንሻአላህ።»

ማስረጃም አላጣም። ሰዓዳ የምትባል ልጅ ከዚያው ከእኛ ክፍል በእርሱ እጅ ከሄደች ወራት አልፈዋል፤ ስልኳ አይነሳም። ሐጅ ኑሩ ግን ስልኩ ውስጥ ፎቶዋ አለው፤ ነጭ ሻሽ አድርጋ፣ ከጀርባዋ ባሕር። «ጣሊያን ገብታለች፤ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ» ይላል። እኛ አልጋ ላይ እንቀመጣለን፣ እርሱ ቆሞ ስልኩን ከራሳችን በላይ ያነሳዋል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፤ አሳየት አድርጎ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። ሁላችንም አንገታችንን አቅንተን «ማሻአላህ» እንላለን። እኔም ብያለሁ።

የዘይነብ ልብ ሸፈተ። የምትሠራበት ቤት ክፉ አልነበረም፤ አሠሪዋ አትመታትም፣ ትፈጽመው የማትችለው ሥራም የለባትም። ግን ምልክት ታይቷል! በወጥ ቤት ጓዳ ሙሉ ዕድሜዋን የምትጨርሰው እርሷ ናት እንዴ?

«ልጄ፣ የሰዓዳን ድምፅ ከሰማሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት።

«እትዬ ሀዋ፣ አንቺ ኢማንሽ ደክሟል» አለችኝ። «ዓይንሽ እያየ ትክጃለሽ።»

ተናደድኩ፤ ፈራሁም። ይህቺ ልጅ ከሐይቅ እንደመጣች ፈርታ የሰው ፊት ማየት አቅቷት ነበር፤ በዓረብኛ ውሃ መለመን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን በረሃ መሐል ያንኑ ቃል ስትል ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ።

እናም ሐጃን ሳልነካ ከተከታዮቿ አንዷን ማንም ሳያየኝ ከግድግዳው ላጥኩና በባዶ የሻይ ቆርቆሮ አድርጌ ለአሠሪዬ ወሰድኳት። አሠሪዬ ዶክቶራ ናት። ሰው የምታክም እንዳይመስላችሁ፤ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ሰብል ተባይ የምታስተምር ናት። ጎረቤቷ ታሞ ሳትጠይቅ የምትከርም፣ ጓዳዋ ጉንዳን ሲገባ ግን ደስ የሚላት ሴት። ቆርቆሮውን ከፍታ ስታይ ፊቷ በራ። «ጀሚላ! ጀሚላ ያ ሀዋ!» እያለች፣ ታምራለች ማለቷ ነው፣ አጉሊ መነጽሯን ፍለጋ ሮጠች።

«ይህ ልብሷ አይደለም፤ የበላት ነው» አለችኝ ተመልሳ።

ሻጋታ ነው አለች። ዳቦ ላይ የሚበቅለውን ዓይነት እናውቃለን፤ ይኼኛው ደግሞ ሸረሪትና ነፍሳት የሚበላ ነው። ብናኙ ቆዳዋ ላይ ያርፋል፣ ሰርስሮ ይገባል፣ ሆዷን ከውስጥ ሆኖ ይጨርሰዋል። እርሷ ግን እየተበላችም ወዲያ ወዲህ ትላለች። አንዳንዱ ዓይነትማ ከመግደሉ በፊት ከተደበቀችበት ያስወጣታል፤ ከፍ ወዳለ ገላጣ ቦታ ትወጣለች፣ እግሯን ትተክላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ነጩ የሚፈላባት ከዚያ በኋላ ነው።

«ለምን ከፍ ያለ ቦታ?» አልኳት።

«ብናኙ ከሥር ባሉት ላይ እንዲዘንብ ነዋ! እርጥበት ካገኘማ ኸላስ፣ ማን ያስቆመዋል?»

ሙከይፉ ትዝ አለኝ። ብርድ ልብስ እየተሻማን ያስተናገድናት ሐጃ! ዶክቶራ ግን ስለ እርሷ ስነግራት «ትልቋንም አምጪልኝ» ከማለት በቀር ያ ክፍል የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያድርበት አልጠየቀችኝም። አጉሊ መነጽሯ ለሸረሪት ብቻ ነው የሚሠራው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ሐጅ ኑሩ ኦቾሎኒ በከረጢት ይዞ በባለ ሦስት እግሯ ረክሻ መጣ። ዘይነብ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ተቀምጣለች። እኔም የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ብናኙን፣ ሆዷን፣ ከፍታውን፣ እርጥበቱን። ሐጅ ኑሩ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ነበር። አኝኮ ሲጨርስ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «እትዬ ሀዋ፣ ሻጋታውስ ያለ አላህ ፈቃድ በቀለ እንዴ?» አለ።

«ሱብሓነላህ» አለች አንዷ። ወርቅነሽ ሳትቀር ራሷን ነቀነቀች። አለቀ። ያን ሁሉ ትምህርት አንድ ኦቾሎኒ ፈልፋይ ረታው።

ሐጅ ኑሩ ድሉን ለማጽናት ብድግ ብሎ ስልኩን አወጣና እንደ ልማዱ ከራሳችን በላይ ከፍ አደረገው። ዘይነብ አንገቷን ስታቀና አየኋት፤ ሸረሪቷን በምታይበት በዚያው ዓይን። ያን ጊዜ የዶክቶራ ቃል መጣብኝ፤ ከሥር ባሉት ላይ እንዲዘንብ። ተነስቼ ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ዐይብ ነው፣ ነውር ነው እትዬ!» አለ።

ያን ፎቶ ዝቅ አድርጌ ያየሁት ገና የዚያን ቀን ነው። ሰዓዳ ፈገግ ብላለች። ከጀርባዋ ሰማያዊ ባሕር፤ ባሕሩ ላይ ጀልባ። የጀልባዋ ምሰሶ ላይ ቡናማ ፕላስተር።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ስልኩን ለዘይነብ ሰጠኋት።

«ዘይነብ፣ ለእናትሽ የላክሽውን ፎቶ አውጪ» አልኳት።

አወጣች። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አልጋው ላይ አደረገቻቸው። ያው ባሕር፣ ያው ጀልባ፣ ያው ፕላስተር። ሰዓዳ ከመሄዷ በፊት የተነሳችው ነው፤ የቆመችው ሱቅ ዐረቢ ነው። ሁላችንም እዚያ ቆመናል። በዚያ ባሕር ሁላችንም እናቶቻችንን አታልለናል፤ አንድ ሰው ከፍ አድርጎ ሲያሳየን ግን የገዛ ውሸታችንን መለየት አቃተን።

ሐጅ ኑሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ባሕር ሁሉ አንድ ነው!»

«ሰዓዳ የት ናት?» አለች ዘይነብ።

«ደህና ናት ኢንሻአላህ።»

«የት ናት?»

ሙስበሃውን ቆጠረ፣ ጣሪያውን አየ። «በረሃው ላይ አንድ መኪና ተበላሸ ሲሉ ሰምቻለሁ። የእርሷ ይሁን የሌላ አላውቅም። እኔ ድንበር ላይ አስረክቤያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሊቢያዎቹ ጉዳይ ነው።»

አስረክቤያለሁ አለ እኮ! የማሽላ ጆንያ የጫነ ነው የሚመስለው። ማንም አልጮኸበትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ረክሻው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ወጣ። የኦቾሎኒውን ከረጢት አልረሳውም።

ዘይነብ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ወርቅነሽ ሙከይፉን አጠፋችው። እኔ የቀረኝ ንዴት ስለነበር መጥረጊያ አንስቼ ወደ ጣሪያው ጥግ ሄድኩ፤ ዘይነብ ግን እጄን ያዘችኝ። ወንበር ላይ ወጥታ ሐጃን በጣቶቿ ቀስ አድርጋ አወረደቻት፤ ከነጭ ሻሿ ጫፍ ቀድዳ ጠቀለለቻት። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እንቅበራት አለች።

ለሸረሪት ቀብር! ለሻጋታ ከፈን! ልስቅ አፌን ከፈትኩና የሴቶቹን ፊት አየሁ። ማንኪያ አምጥቼ የቆፈርኩት እኔው ነኝ። ዘይነብ ዱዓ አደረገች፤ ወርቅነሽ አማተበች። የሰዓዳን ስም ማንም አልጠራም።

በማግሥቱ ከዘይነብ ጋር አብረን ወደ ሪያድ ተመለስን፤ እርሷ ወደ አሠሪዋ፣ እኔ ወደ ዶክቶራ። ዶክቶራ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ቆርቆሮውን ነበር በዓይኗ የምትፈልገው።

«ትልቋስ?»

«ቀበርናት።»

«ቀበራችኋት?» ጮኸች። «እንዲህ ያለ ናሙና! ያ ሀዋ፣ ጀህል ነው ይኼ፣ ድንቁርና! እናንተ ሀበሾች መቼ ነው የምትነቁት?»

«ወላሂ ልክ ነሽ ዶክቶራ» አልኩና ወጥ ቤቴ ገባሁ። ሽንኩርቱን ገና ሳልልጠው እንባዬ ወረደ። ዶክቶራ ውሃ ልትጠጣ ገብታ አየችኝ፤ ለሸረሪቷ ያለቀስኩ መስሏት ራሷን እየነቀነቀች ወጣች።